ለቴሌቪዥን ጣቢያ አቤቱታ ስትጽፉ ሰዓቱን በፈረንጅ ጻፉ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የምሠራው ፓርኪንግ ቢሆንም እሑድ ማታ ከልጆቼ ጋር የአሜሪካን ፉትቦል ሳላይ አልቀርም። አንድ እሑድ በጨዋታው መሀል የአስፈሪ ፊልም ማስታወቂያ መጣ። ደም፣ መጋዝ፣ ጩኸት። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሦስት ሌሊት እኔና እናቷ መሀል ተኛች።

በንዴት ለኤፍሲሲ ጻፍኩ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ሰዓቱን ማስታወሻዬ ላይ እንደ አገር ቤት 2:40 ብዬ ነበር፣ እንዳለ ገለበጥኩት። በነሱ አቆጣጠር ግን ማታ 8:40 መሆን ነበረበት። ያ ሳያንስ ጉዳዩም እነሱን አይመለከትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ይሄን ሥራ የሚያውቁት እንዴት እንደሚሠሩት ያየሁት። ፓረንትስ ቴሌቪዥን ካውንስል የሚባል ቡድን ነበር፤ ወግ አጥባቂው ብሬንት ቦዜል በ1995 ያቋቋመው። ሠራተኞቹ የምሽት ፕሮግራሞችን እየቀዱ ስድቡን፣ ድብደባውን፣ የአልጋ ትዕይንቱን ይመዘግቡ ነበር። ከዚያ ለወላጅ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ይመድቡ ነበር። በሁሉም ነገር አልስማማቸውም ነበር፤ አንዳንዴ ቀልድ አያውቁም ነበር። የመዝገብ አያያዛቸውን ግን ልንወስድ ይገባል። ቡድኑ በ2024 ኪሳራ አውጇል፣ ስለዚህ ደብተሩን ራሳችን እንያዝ።

ደብተሩ ላይ ምን ይጻፍ? ቀን፣ ሰዓት (በፈረንጅ!)፣ የፕሮግራሙ ስም፣ የጣቢያው መለያ ፊደላት። ሪሞቱ ላይ ያለው ቁጥር አይበቃም፣ ከኬብል ኬብል ይለያያል። ፊደላቱ በእኛ በኩል ባብዛኛው በደብልዩ ይጀምራሉ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲያ በኬ። ከዚያ የተባለውን ቃል በቃል፣ የታየውንም እንዳለ ጻፉት። «ባለጌ ነገር አሳዩ» ማለት ዋጋ የለውም። ማን ለማን ምን አለ? ከምን በኋላ? ስድቡን መጻፍ ካሳፈራችሁ፣ እኔም አፍሬ ነበር፤ ጻፉት። ሳያዩት ሊፈርዱ አይችሉም።

ቀጥሎ ለማን እንደምትጽፉ ለዩ። ኤፍሲሲ ብልግናና ስድብን የሚጠይቀው በአንቴና በሚሰራጭ ጣቢያ ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ለታየ ነው (እነሱ 6 ኤኤም፣ 10 ፒኤም የሚሉት)። ኬብል ላይ፣ ኔትፍሊክስ ላይ፣ ዩቲዩብ ላይ በዚህ ደንብ አይገባም። ደምና መጋዝም አይገባም፣ ደንቡ ስለ ጭካኔ አይናገርም። አስቀድሞ ፕሮግራም የማገድ ሥልጣንም የለውም፣ ሕጉ ሳንሱር ይከለክለዋል። የእኔ ዓይነቱ ቅሬታ መሄድ ያለበት ለጣቢያው ራሱ ነው። ደንቡ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይሞላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ቤተክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አንድ ወንድማችን የተባዛ ደብዳቤ አምጥቶ «ፈርሙ ብቻ» አለን። እኔ አልፈረምኩም። በ2004 ኤፍሲሲ በአንድ የጋብቻ ሪያሊቲ ሾው ምክንያት በፎክስ ጣቢያዎች ላይ ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሲያስብ 159 አቤቱታ ደርሶኛል ብሎ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ ሰነዱን ጠይቆ ሲያገኝ አቤቱታው 90 ሆነ። የጻፉት 23 ሰዎች ናቸው፣ ከሁለቱ በቀር የሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ስንቱ ሳቀባቸው! በዚያው ዓመት በሱፐር ቦውል (የፉትቦሉ ፍጻሜ ጨዋታ) የዕረፍት ትርኢት የዘፋኟ የጃኔት ጃክሰን ጡት ሲታይ ከ540,000 በላይ አቤቱታ ጎርፎ ጨዋታውን ያስተላለፈው ሲቢኤስ 550,000 ዶላር ተቀጣ። ያንንም ቅጣት ፍርድ ቤት ሽሮታል። ብዛት ጩኸት ያበዛል እንጂ ክርክር አያሸንፍም። እንግሊዝኛችሁ ቢሰበርም የራሳችሁን ጻፉ፤ አምስት መስመር ይበቃል።

እኔ ሁለተኛውን የጻፍኩት እንዲህ ነው። «እሑድ 8:40 ፒኤም፣ በጨዋታው መጀመሪያ ሩብ፣ ይህ ማስታወቂያ ታየ። ሴትዮዋ በመጋዝ ስትቆረጥ ያሳያል። የስድስት ዓመት ልጄ አብራኝ ነበረች። ልጆች በሚያዩት ጨዋታ መሀል እንዳታሳዩት እጠይቃለሁ።» ልጄ ጎኔ ቆማ «መጋዙ ቢጫ ነበር በል» አለችኝ። ጨመርኩት።

ጣቢያው በዘጠነኛው ቀን መለሰ። ማስታወቂያው የመጣው ከዋናው ኔትወርክ ነው፣ አስተላልፈንላቸዋል ይላል። በሚቀጥለው እሑድ ያው ማስታወቂያ በጨዋታው መሀል መጣ። ደብተሩን አነሳሁና ሰዓቱን ጻፍኩ፦ 9:52 ፒኤም። ልጄ ሪሞቱን ይዛ ድምፁን አጠፋችው።