ጸድቆ ፖስት የማይሆን ሴሽን፦ ችግሩና መፍትሄው

ይሄ በቨርዥን፣ ማለትም የዋናውን ዳታ የግል ቅጂ በሚመስል መስሪያ፣ ለምትሰሩ የጂአይኤስ (የዲጂታል ካርታ) ሰዎች ነው። ኤዲተሩ በራሱ ቨርዥን ይሰራል፣ ገምጋሚው አይቶ ያጸድቃል፣ ከዚያ ስራው ዲፎልት ወደሚባለው የሁሉም የጋራ ዋና ዳታ ይገባል፤ ይሄ ማስገባት ፖስት ይባላል። ሴሽን የምለው በአንድ ቨርዥን የሚሰራውን አንድ ስራ ነው። እኔ የምሰራው የውሃ መስመር ዳታ ላይ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው። አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚባለውን ሶፍትዌር በትራዲሽናል ቨርዥኒንግ (ከቨርዥን አሰራሮቹ አንዱ ነው) እንደምትጠቀሙ ይዤ ነው የምሄደው። ኮኔክሽን አረጋግጡ፣ ሴቭ አድርጉ እያልኩ ጊዜያችሁን አልወስድም።

ቀላሎቹን ቶሎ እንለፋቸው።

ገምጋሚው ቨርዥኑን ጭራሽ ካላየው ፕራይቬት ተደርጎ ነው፤ ባለቤቱ ይቀይረው። እያየው መነካካት ካልቻለ ደግሞ ፕሮቴክትድ ነው።

ሪኮንሳይል (ቨርዥናችሁን ከዲፎልት ጋር ማስታረቅ) ስትሉ ቨርዥኑ ተይዟል ካላችሁ ሌላ ሰው ከፍቶታል። አድሚኑ ማን እንደያዘው አይቶ ግንኙነቱን መቁረጥ ይችላል። እባካችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ለሰውየው ደውሉለት። ሴቭ ያላደረገው ስራ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክቱ፦ ሪኮንሳይል ተደርጓል፣ ጸድቋል፣ ፖስት ግን እምቢ ይላል

ስልኬ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ይሄ ነው። «ሰኞ አጽድቄው ነበር፣ ዛሬ ፖስት ልል ስል እምቢ አለኝ፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል።» አልተበላሸም።

ሪኮንሳይል ስታደርጉ በዚያች ሰዓት ዲፎልት ላይ ያለውን ወደ ቨርዥናችሁ ታመጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አንዲት ቫልቭ እንኳ ዲፎልት ላይ ካስገባ የእናንተ ሪኮንሳይል ጊዜው አልፎበታል። ፖስት የሚፈቀደው ዲፎልት ከሪኮንሳይል ወዲህ ካልተነካ ብቻ ነው። አምስት ኤዲተር በሚሰራበት ቢሮ የሰኞ ሪኮንሳይል ለሐሙስ አይደርስም።

መፍትሄው እንደገና ሪኮንሳይል አድርጎ ወዲያው ፖስት ማለት ነው። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ጉዳቱ የሚመጣውም እዚሁ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ሁለተኛውን ሪኮንሳይል ማንም ሳያየው ያልፋል።

አንድ ቦታ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዱ ኤዲተር የአንድ ቧንቧ ዲያሜትር ከ100 ወደ 150 ሚሊሜትር አስተካከለ። በዚያው ሳምንት ሌላዋ ኤዲተር በጂፒኤስ ተለክቶ በመጣ ዳታ ያንኑ ቧንቧ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ አዛወረች፣ የእሷ ቀድሞ ፖስት ሆነ። የእሱ ሴሽን ሰኞ ጸድቆለት ነበር። ሐሙስ ፖስት እምቢ ሲለው ለገምጋሚው ሳይነግር ራሱ እንደገና ሪኮንሳይል አደረገ። ኮንፍሊክቱ (የሁለት ሰው ለውጥ ግጭት) በኦብጀክት እንዲለይ፣ ቅድሚያውም ለኤዲት ቨርዥን (ለራሱ ለኤዲተሩ ቨርዥን) እንደተመረጠ ነበር። የኮንፍሊክቱን ዝርዝር ሳይከፍት ፖስት አለ። ዲያሜትሩ ገባ። ቧንቧው ግን ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። ከወራት በኋላ ቆፋሪዎች ካርታውን ይዘው የመንገዱን ግራ ቢቆፍሩ አፈር ብቻ። ገምጋሚው ተጠራ። ሰኞ ያየው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሐሙስ የገባው ግን እሱ ያየው አልነበረም።

ለምን እንዲህ ሆነ? በኦብጀክት ሲሆን አንድ ረድፍ እንዳለ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራል። ያሸነፈው ቨርዥን ረድፉን ከነቅርጹ ይተካዋል። በአትሪቢዩት (በየአምዱ) ቢሆን ኖሮ ዲያሜትርና ቅርጽ የተለያዩ አምዶች ስለሆኑ ሁለቱም ለውጦች በቆዩ ነበር።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለቡድኑ «ለ10 ደቂቃ ማንም ፖስት እንዳይል» እላለሁ። ሪኮንሳይሉን የማደርገው ራሴ ነኝ፣ ለኤዲተሩ አልተወውም። በአትሪቢዩት፣ ቅድሚያውን ለዲፎልት አድርጌ። ብዙ ሰው ይሄን ይገለብጠዋል፣ «የኔ አዲሱ ነው» በሚል። አስቡት፤ የዚህ ሴሽን ለውጥ ቢሸነፍ ኤዲተሩ አጠገባችሁ ስላለ ያኔውኑ ትመልሱታላችሁ። የዲፎልቱ ቢሸነፍ ግን ባለቤቱ ስራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ሄዷል፣ መጥፋቱን የሚያይ የለም።

ቀጥሎ ኮንፍሊክቶቹን አንድ በአንድ እከፍታለሁ። መስኮቱ አሁን ያለውን፣ ከሪኮንሳይል በፊት የነበረውን፣ የዲፎልቱንና የሁለቱን የጋራ መነሻ ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ሠንጠረዡን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። የቅርጽ ለውጥ በቁጥር አይታይም፣ በመስኮቱ ያለውን ትንሿን ካርታ ክፈቷት። ያ ኤዲተር ከፍቷት ቢሆን የቧንቧው መዛወር እዚያች ላይ በአንድ እይታ ይለይ ነበር።

ከዚያ የቨርዥኑን ለውጦች ዝርዝር እንደገና አያለሁ፣ ከተሰረዙት ጀምሬ። ሁለት ቧንቧ እንዲያስተካክል የተላከ ሰው 40 ረድፍ ከሰረዘ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ ማስተካከል ሲሰለቸው ሰርዞ እንደ አዲስ ስሎታል። ከጥገና መዝገብ ጋር የሚያያዘው መለያ ቁጥርም አብሮ ጠፍቷል። እንዲህ ያለውን አላጸድቅም፣ ይመለሳል።

ሁሉም ደህና ከሆነ እዚያው ፖስት። በመሀል ሻይ የለም። ፖስት ከሆነ በኋላ መመለሻ እንደሌለው አትርሱ። ደግሞ ቨርዥኑ የሚገባው እንዳለ ነው፣ ግማሹን መርጦ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ወር ክፍት የሚቆይ፣ ሦስት ቀበሌ ያጠቃለለ ሴሽን አታምጡብኝ። አንድ ስራ፣ አንድ ሴሽን፣ ቢበዛ በጥቂት ቀን የሚዘጋ።

ምልክቱ፦ ስራው «አልቋል» ይላል፣ ካርታው ላይ ግን የለም

በወርክፍሎው ማኔጀሩ (የስራውን ደረጃዎች በሚከታተለው ሶፍትዌር) ውስጥ ፖስት የሚለው ደረጃ በእጅ ምልክት የሚደረግበት ሆኖ ከተዘጋጀ ይሄ አይቀርም። ሰው ምልክቱን ያደርጋል፣ ፖስቱን ይረሳል፣ ስራው ይዘጋል። ከመዝጋታችሁ በፊት ዲፎልትን ራሱን ክፈቱና ከሴሽኑ አንድ ቧንቧ በመለያ ቁጥሩ ፈልጉ። በዓይናችሁ ሳታዩት ቨርዥኑን እንዳትሰርዙ! ፖስት ያልሆነ ቨርዥን ከተሰረዘ ስራው አብሮ ጠፋ ማለት ነው። የአንድ ልጅ የሦስት ሳምንት የመስክ ስራ እንዲህ ሲሄድ አይቻለሁ። ባክአፕም አልነበረም። ልጁ እንደገና ከቤት ቤት ዞሮ ለቀመው።

ምልክቱ፦ ሪኮንሳይሉ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል

ኮምፕረስ (የተከመሩ ለውጦችን ከዳታቤዙ ማጽዳት) ከተደረገ ስንት ጊዜ ሆነው? ለውጦቹ ተጨማሪና ስርዝ መያዣ ሠንጠረዦች ውስጥ እየተከመሩ ነው። ያለቁትን ቨርዥኖች ፖስት አድርጉ፣ መግባታቸውን አይታችሁ ሰርዟቸው፣ ማታ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ አድሚኑ ኮምፕረስ ያድርግ፣ የዳታቤዙን ስታቲስቲክስም ያድስ። ያረጁ ቨርዥኖች ሳይሰረዙ ኮምፕረስ ብታደርጉ ብዙም ለውጥ አታዩም።