በወዳጆች ቤት እያደሩ የሙከራ ሙዚቃን ይዞ መዞር

ማሲንቆን ከኤፌክት ፔዳል (በእግር እየተረገጠ ድምፅን ከሚለዋውጥ መሣሪያ) እና ከላፕቶፕ ጋር አዋሕዶ የሚጫወት ሙዚቀኛ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በርሊንን፣ ብራስልስንና አምስተርዳምን በአንድ ጉዞ ሊያዳርስ ቢያስብ፣ የሚጠብቁት የዝግጅት ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዙ ናቸው። ከእንዲህ ያለው ክፍል በር ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ የባቡር ትኬት ይሸፍን ይሆናል እንጂ የሆቴል አልጋ አይከፍልም። ጉዞው የሚሳካው በወዳጆች ነውና፣ ወዳጅን እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ ማወቅ የልምምዱን ያህል ዝግጅት ይፈልጋል።

በቅድሚያ የወዳጆችዎን ስም ጽፈው በእያንዳንዱ ስም ትይዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ያስፍሩ፤ ለአንዱ አልጋ፣ ለሌላዋ ድምፅ ማጉያ፣ ለሦስተኛው መኪና። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን ሳልለይ አንዲት ወዳጄን አሳዳሪም፣ ሹፌርም፣ በር ላይ ገንዘብ ተቀባይም አድርጌያት፣ በሦስተኛው ምሽት እኔ ስጫወት እርሷ ጓዳ ውስጥ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። ጥያቄው ቀንና ሰዓት ይኑረው። «ብመጣ ታሳድረኛለህ?» ከማለት ይልቅ «ሐሙስ ማታ በ4 ሰዓት ደርሼ ቅዳሜ ጠዋት እወጣለሁ፤ ፍራሽ ይበቃኛል፤ ካልተመቸህም ሌላ ማደሪያ አላጣም» ቢሉት ወዳጅዎ ሳይሳቀቅ እምቢ ማለት ይችላል። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ ያዘረጋው አልጋ ብዙ ነው፤ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት መባሉም ያለ ምክንያት አይደለምና በአንድ ቤት ከሁለት ሌሊት በላይ አይደሩ።

የቪዛው ጉዳይ ቀደም ብሎ ይታሰብበት። ጀርመንን፣ ቤልጂየምንና ኔዘርላንድን ጨምሮ ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሼንገን አጭር ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን የማይበልጥ ቆይታ ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ የሚገባውም ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ሲሆን፣ የጉዞ መድኑ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። የጉብኝት ቪዛ በራሱ የሥራ ፈቃድ ስላልሆነ፣ የሚከፈልዎት ከሆነ ጋባዡ በግብዣ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፈው። በጀርመን የሚኖር ወዳጅ ወጪዎን እንደሚችል በመሥሪያ ቤት ቀርቦ ሲፈርም የሚገባው ሕጋዊ ግዴታ ነው፤ መንግሥት ለእርስዎ ያወጣውን ገንዘብ ከእርሱ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ውለታ በስልክ መልእክት አይጠይቁ፤ የግዴታውን ክብደት ለራሱ ለወዳጅዎ አስረድተው፣ እንዲያስብበት ጊዜ ይስጡት።

ዕቃን በተመለከተ፣ ማሲንቆውን የፈረስ ጭራውን አላልተው በእጅ ይያዙት፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪም በጭነት ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የማሲንቆው ቆዳ በእርጥበት ይላላል፣ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ደግሞ ይወጠራል፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሳይረጋ አይቃኙት። ከድምፅ ማጉያው የማያቋርጥ እምምታ ከተሰማ የመጀመሪያው መድኃኒት የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መጫወት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ላፕቶፑና ሚክሰሩ (ድምፆችን የሚያዋሕደው መሣሪያ) ከተለያየ ሶኬት ኃይል መውሰዳቸው ነው። የወዳጅ ድምፅ ማጉያ ሲዋሱ ከመነሣቱ በፊት ፎቶ አንሥተው ይላኩለት፤ ጭረቱ የማን እንደሆነ በኋላ መከራከር አያስፈልግም።

ለአሳዳሪዎችዎ የተቆላ ቡናና ሽሮ ይያዙ። ቅቤና ቋንጣ ግን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት በግል ሻንጣ ማስገባት ክልክል ስለሆነ፣ እናትዎ ቢቆጡም ይተውት።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ለነዳጅና ለድምፅ ባለሙያው የሚከፈለው ከበሩ ገቢ ላይ መጀመሪያ እንዲነሣ ከዝግጅቱ በፊት ይስማሙ። የቀረውን ማካፈል ቀላል ነው።

ወዳጅነቱም በሁለት አቅጣጫ ይሂድ። ዘ ኤክስ የተባለው የኔዘርላንድ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን ወደ አምስተርዳም የጋበዘው አስቀድሞ ራሱ ኢትዮጵያ መጥቶ ከተጫወተ በኋላ ነበር። ያሳደረዎት ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ ፍራሽ፣ ሲም ካርድ፣ መብራት ቢጠፋ የሚያገለግል ባትሪና ጊዜውን የሚያከብር መኪና ይጠብቁት።