ጥቅልል ፀጉርን በጎንደር በጋ ሳይደርቅና ሳይሰበር ቅርፅ ማስያዝ

የጥቅልል ፀጉር ቅርፅ የሚወሰነው ገና እርጥብ እያለ ነው። ፀጉር ሲርስ በውስጡ ያሉት የሃይድሮጂን ማያያዣዎች ይላቀቃሉ፤ ሲደርቅ ደግሞ ፀጉሩ በዚያች ሰዓት በያዘው አኳኋን ተመልሰው ይያያዛሉ። ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ቅባት መደራረብና ማበጠር ቅርፅ አያመጣም፤ የነበረውንም ያፈርሳል። ብዙ ሰው "ፀጉሬ አልታዘዝ አለኝ" የሚለው ሥራውን የሚጀምረው ደርቆ ካበቃ በኋላ ስለሆነ ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ አየሩም አያግዝም። በበጋ ወራት ቀኑ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ማታ ይበርዳል። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ በቀላሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ በከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን እያንዳንዱ ጥምዝ ያግደዋል። ሥሩ ወዛም ሆኖ ጫፉ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለው መጠን ትከሻ ላይ ለሚደርስ ወይም ከዚያ ላጠረ ፀጉር ነው፤ ለረዘመ ጨምሩበት።

የሚያስፈልገው ሻምፖ፣ ወፈር ያለ ኮንዲሽነር፣ ጥርሱ ሰፋፊ የሆነ ሚዶ፣ 4 የፀጉር ማስያዣ፣ ያረጀ ነጠላ ወይም የጥጥ ካናቴራ፣ ተልባና ጥቂት የወይራ ዘይት ነው። ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ኮንዲሽነሩ ላይ አውጡ። በሚያምር ጠርሙስ የሚሸጠው ውድ ጄል ተልባ የማይሠራውን ብዙም አይሠራም።

ማጠብ

በየ7 እስከ 10 ቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በጣም ከርዳዳ ለሆነ ፀጉር እስከ 2 ሳምንት መቆየት ይቻላል። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ መጀመር ጥሩ ነው፤ ፀጉሩ የቀኑን ሙቀት አግኝቶ ማታ ብርዱ ሳይመጣ ይደርቃል። ውሃ ጠፍቶ ከጄሪካን የምትጠቀሙ ከሆነ 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃችኋል፤ 3 ሊትሩን ለማርጠብ፣ 5 ሊትሩን ለማለቅለቅ፣ የቀረውን 2 ሊትር ደግሞ መጨረሻ ላይ ጄል ስትቀቡ እንደገና ለማራስ አስቀምጡት። ይህን የመጨረሻውን 2 ሊትር አትንኩት፤ በኋላ ለምን እንደሆነ ይታያል።

ሻምፖው የራስ ቆዳ ላይ ብቻ ይሁን፣ በጣት ጫፍ እንጂ በጥፍር አይታሽ። ጫፉን እየወረደ የሚያልፈው አረፋ ያጸዳዋል። የልብስ ሳሙና ግን አይሆንም። ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት ልኩ) ከ9 በላይ ስለሆነ የፀጉሩን የላይኛውን ቅርፊት ይከፍተዋል፤ የተከፈተ ቅርፊት እርስ በእርሱ ይያያዝና ለማፍታታት ያስቸግራል፣ ያጠጣችሁትንም ውሃ ቶሎ ይለቃል።

ማፍታታት

ፀጉሩን 4 ቦታ ከፍላችሁ አስይዙ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ኮንዲሽነር ቀብታችሁ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በሚዶ አፍታቱ። ሁልጊዜ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ውጡ። ከሥር የተጀመረ ማበጠር ትንንሾቹን ቋጠሮዎች ሁሉ ወደ ታች ገፍቶ አንድ ትልቅ ትብትብ ያደርጋቸዋል። ትብትብ ሲገጥም ውሃና ኮንዲሽነር ይጨመርበታል እንጂ አይጎተትም፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ፀጉሩ እየተበጠሰ ነውና አቁሙ። ስታለቀልቁ ፀጉሩ በእጅ ሲዳሰስ ትንሽ እንዲያንሸራትት ጥቂት ኮንዲሽነር ይቅርበት።

የተልባ ጄል

ይህን ከማጠባችሁ በፊት፣ ቢቻል ከዋዜማው ሥሩት። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ተበላሽቶበት ይተወዋል።

ከቅዳሜ ገበያም ሆነ ከሰፈር ሱቅ ተልባ ስትገዙ ያልተቆላና ያልተፈጨ መሆኑን አረጋግጡ። የተፈጨው ከጄሉ አይለይም፣ ፀጉር ውስጥ እንደ አሸዋ ይቀራል። በሰፌድ አንጓሉት፣ አፈሩንና ጭራሮውን ልቀሙ፣ ግን አትጠቡት፤ ቅርፅ የሚይዘው ልጋግ ያለው የፍሬው ቆዳ ላይ ነው፣ ውሃ ሲነካው ወዲያው መውጣት ይጀምራል።

4 የሾርባ ማንኪያ ተልባ ለግማሽ ሊትር ውሃ ነው፤ በትንሹ ሃይላንድ ለኩት። መካከለኛ እሳት ላይ ጥዳችሁ ከሥር እንዳይዝ ሳታቋርጡ አማስሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ቆላ አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈው "7 ደቂቃ" እዚህ ብዙ ጊዜ ያጥራል፤ ከፈላ በኋላ ከ9 እስከ 12 ደቂቃ ጠብቁ። ከሰዓቱ በላይ ግን ዓይናችሁን እመኑ። በላዩ ነጭ አረፋ ይታያል፣ ውሃው የእንቁላል ነጭ ይመስላል፣ ማንኪያ ስታነሱ መንጠባጠቡን ትቶ በቀጭኑ እየተሳበ ይወርዳል። ያን ጊዜ ወዲያው አውርዱት። ሌላ 2 ደቂቃ ብትተዉት ፍሬውን አቅፎ ይረጋና በምንም አይጠልልም።

ማጥለል ያለባችሁ ትኩስ እያለ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይወፍራል። እጅ እንዳያቃጥል 5 ደቂቃ ብቻ አቆዩት። የሻይ ማጥለያ ወዲያው ስለሚደፈን አትድከሙበት። ከሁሉ የሚሻለው ንጹህ የሴት ስቶኪንግ ነው፤ አንድ እግሩን ጎድጓዳ ሳህን አፍ ላይ ወጥራችሁ ገልብጡበት፣ ከዚያ አፉን ጠምዝዛችሁ ከላይ ወደ ታች እንደ ላም ጡት አለቡት። በጣም ወፍሮ እምቢ ካለ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉና እንደገና ሞክሩ። ቀጥኖ ከወጣ ደግሞ ያለ ፍሬው መልሳችሁ ጥቂት ደቂቃ አፍሉት።

ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ቀን በላይ አታቆዩት፤ ምግብ ነውና ይበላሻል። ሽታው ከኮመጠጠ ወይም ከቀጠነ ይደፋ።

መቀባትና ማድረቅ

ለብቻ የተቀመጠው 2 ሊትር ውሃ እዚህ ይገባል። የፀጉሩ አንድ ክፍል ውሃ እስኪንጠባጠብ ድረስ ይራስ። ጄል በነጠላ በተመጠጠ ወይም ግማሽ በደረቀ ፀጉር ላይ ሲቀባ እያንዳንዱን ዘለላ ለየብቻው ያደርቀዋል፣ ፀጉሩም ይንጨባረራል። ውሃ በሞላው ፀጉር ላይ ሲቀባ ግን ዘለላዎቹ ተሰባስበው ወፈር ያለ ጥቅል ይሠራሉ። የምንፈልገው ይህንን ነው።

ለአንድ ክፍል አንድ የሾርባ ማንኪያ ጄል በሁለት መዳፋችሁ አሽታችሁ ፀጉሩን በመዳፎቹ መካከል ከሥር ወደ ጫፍ አንሸራትቱት። ከዚያ ጭንቅላታችሁን ዘንበል አድርጋችሁ ጫፉን በመዳፍ ይዛችሁ ወደ ሥር እየገፋችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። የጭቃ ላይ እርምጃ የመሰለ ጭብጥብጥ የሚል ድምፅ ካልሰማችሁ ውሃው አንሷል። ጥቅልሉ በጣም ጥቃቅን ለሆነና ራሱ ለማይሰበሰብ ፀጉር ደግሞ ከ12 እስከ 20 ቦታ ከፍላችሁ እያንዳንዱን ለሁለት እየለያችሁ እርስ በእርሱ ጠምዝዛችሁ ተዉት፤ ሲደርቅ ትፈቱታላችሁ። ይህ ሲደርቅ የሚያጥረውንም ፀጉር ይስበዋል፤ ከርዳዳ ፀጉር ደርቆ ከእርጥቡ ርዝመት በግማሽ ቢያጥር ጤናው ነው።

ከኮንዲሽነሩ ጋር የማይስማማ ጄል ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ይጥላል፤ ሰው ፎረፎር ይመስለዋል። ከመቀባታችሁ በፊት ሁለቱን ጠብታ ጠብታ መዳፍ ላይ ደባልቁ። ከተቋጠረ ወይም ነጭ ፍርፋሪ ካወጣ ኮንዲሽነሩን በደንብ አለቅልቁና ጄሉን ብቻውን ተጠቀሙ።

ውሃውን በነጠላ ወይም በካናቴራ ከሥር ደግፋችሁ ምጠጡት፤ አታሹት። ፎጣ ክሩ የቆመ ስለሆነ ጥቅሎቹን እየያዘ ይበትናል። ለዚህ ሥራ እንዳረጀ ነጠላ ያለ ነገር የለም።

ከዚያ እጃችሁን አንሱ። ይህ የሁሉም ከባዱ ትእዛዝ ነው። በበጋ ጥላ ያለበት ነፋሻ በረንዳ ላይ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል፣ በክረምት ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል የተነካ ጥቅል ተበትኖ ይቀራል። ጊዜ ከሌላችሁ የጸጉር ቤት ካስክ በመለስተኛ ሙቀት ጥሩ ነው፤ ፎን ግን በኃይል ስለሚነፋ ቅርፁን ይበትነዋል። እርጥቡን ሻሽ አስሮ መተኛት ፀጉሩን ያጠፈጥፈዋል፣ መጥፎ ሽታም ያመጣል።

ሲደርቅ ጠጠር ይላል። አትደንግጡ፣ ጄሉ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ መድረቁን ሥሩን ዳስሳችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ 3 ጠብታ የወይራ ዘይት መዳፍ ላይ አሽታችሁ እንደ ቅድሙ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፤ ጠጣሩ ይሰበርና ለስላሳው ይቀራል።

ቅቤን በተመለከተ

ለጋ ቅቤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ውሃ አይተካም። አብዛኛው ክፍሉ ስብ ስለሆነ ሥራው በፀጉሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይተን መሸፈን ነው። ደረቅ ፀጉር ላይ ሲቀባ ድርቀቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፀጉሩን አርጥባችሁ ከመሃል እስከ ጫፍ ቀቡት፣ ሻሽ አስራችሁ ሌሊቱን አሳድሩት፣ ጠዋት በሞቀ ውሃና በሻምፖ ሁለት ጊዜ እጠቡት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ያረጋዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ያልተነጠረና ጨው የሌለበት ይሁን። ፎረፎር ያለበት ሰው የራስ ቆዳው ላይ ባይቀባ ይሻላል፤ ከፎረፎር ጋር የሚያያዘው ፈንገስ የሚመገበው ስብ ነው።

እስከሚቀጥለው እጥበት

ማታ ፀጉሩን አናት ላይ ላላ አድርጋችሁ ሰብስቡና በሳቲን ሻሽ እሰሩ። የጥጥ ትራስ ልብስ ወዙን ይመጥጣል፣ ፀጉሩንም ይፈትጋል። ጠዋት የተበላሹትን ጥቅሎች ብቻ በስፕሬይ ውሃ አርጥባችሁ በጣት ጠምዝዙ። ግሊሰሪን የምትወዱ ከሆነ አንድ ማንኪያውን ቢያንስ በ10 ማንኪያ ውሃ አቅጥኑት፤ በደረቅ አየር ወፍሮ ሲቀባ ውሃውን ከፀጉሩ ውስጥ ይስባል።

ለጥምቀት ሹሩባ የምትሠሩ ደግሞ ግንባር ላይ ያለውን ስስ ፀጉር ለሠሪዋ አደራ በሉ። በዐፄ ቴዎድሮስ ሥዕሎች ላይ እንደሚታየው ሹሩባ ለዚህ አገር ጌጡ ነው፣ እንዲያምር ግን መጥበቅ የለበትም። ቅንድብ የሚስብ፣ ራስ የሚያሳምም ወይም በሥሩ ትንንሽ ሽፍታ የሚያወጣ ጉንጉን በዚያው ቀን ይፈታ። "ሲቆይ ይላላል" ብሎ መታገሥ የፀጉሩን ሥር ይጎዳል፤ በተደጋጋሚ የተጎተተ ሥር በመጨረሻ ማብቀል ያቆማል። ከ3 ሳምንት በላይም አታቆዩት።

በፔስትራ ሙቀት የተጎዳ ወይም ማለስለሻ የነካው ፀጉር በተልባም በቅቤም ወደ ጥቅልልነቱ አይመለስም። ማለስለሻ የፀጉሩን ጠንካራ ማያያዣዎች በጥሷል፤ ኃይለኛ ሙቀትም የፀጉሩን ፕሮቲን ያበላሻል። ፀጉር በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ በየ3 ወሩ ከተጎዳው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡ ርዝመቱ ሳይቀንስ አሮጌው በአዲሱ ይተካል። አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ቦታ በቀላሉ ስለሚበጠስ በዚህ ጊዜ ሚዶውን አስቀምጣችሁ በጣት ብቻ አፍታቱ።