የኋላ በር ጋዝ ሾክ ሲቀየር የሚደጋገሙ ስህተቶች

የመኪናን የኋላ በር ወደ ላይ ገፍቶ የሚይዘው ጋዝ ሾክ ሲደክም፣ ጅማ ውስጥ ብዙ ባለመኪና በሩን በዱላ ደግፎ ቡናውን ይጭናል። ዱላው ሲንሸራተት ያ ሁሉ ብረትና መስታወት የሚወርደው በጫኚው አንገት ላይ ስለሆነ፣ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ለመቀየር ከተወሰነ በኋላም የሚሠሩት ስህተቶች ጥቂት አይደሉም።

ከሁሉ የከፋው ሾክን በርዝመቱ ብቻ መግዛት ነው። ደንበኛው አሮጌውን በሜትር ለክቶ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይደውላል፤ በርዝመት የገጠመው ዕቃ ይላክለትና ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ወይ አልዘጋ ይላል ወይ ግማሽ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ርዝመት የሾኩን ጉልበት አይናገርም። ጉልበቱ የሚለካው በኒውተን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ቁጥር ጋር በሲሊንደሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 500 ኒውተን ማለት 51 ኪሎ ግራም ገደማ የሚያህል ግፊት ነው። በእያንዳንዱ ጎን 400 ኒውተን እንዲይዝ በተሠራ በር ላይ 600 ኒውተን ቢገጠም፣ ከሁለቱ ጎኖች የሚደመረው 40 ኪሎ ግራም ያህል ትርፍ ግፊት ማጠፊያውንና በዙሪያው ያለውን ላሜራ በሩ ተዘግቶም ቢሆን ሌት ተቀን ይገፋል። ከአጋሮ የመጣ አንድ ደንበኛ «ጠንካራው ይሻላል» ተብሎ እንዲህ ዓይነት ሾክ ተገጥሞለት ነበር፤ መኪናውን ወደ እኛ ጋራዥ ያመጣው የማጠፊያው ሥር ተሰንጥቆ የዝናብ ውኃ ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር ነው፤ ለብየዳና ለቀለም ያወጣውም ለሾኩ ካወጣው እጅግ በለጠ። ጽሑፉ ከሾኩ ላይ ጠፍቶ ከሆነ በሻንሲ ቁጥሩ ትክክለኛውን ዕቃ ማስፈለግ ይገባል እንጂ በግምት አይገዛም። የሞዴሉን ስም ብቻ መናገርም አይበቃም፤ ለምሳሌ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 የተሠራው የቶዮታ ራቭ ፎር የኋላ በር ወደ ጎን ሲከፈት፣ ከ2013 ሞዴል ጀምሮ ያለው ግን ወደ ላይ ይከፈታል።

አዲሱን ሾክ በሁለት እጅ ገፍተው ዘንጉ ወደ ሲሊንደሩ አልገባ ስላላቸው «ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱም አሉ። ደህና ሾክ በክንድ ጉልበት በቀላሉ አይገባም።

አንዱን ብቻ መቀየር በሩን ያጣምማል፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ።

የሾኩን ጤና በቀትር ፈትኖ «ይዟል» ማለትም ያሳስታል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የጋዙ ግፊት ከ3 በመቶ በላይ ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጅማ ማለዳ ከቀትሩ በብዙ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከሰዓት በሩን የሚይዝ ደካማ ሾክ ጠዋት ሊለቀው ይችላል።

ሙያውን የሚለምዱ ልጆቻችን በትጋታቸው የሚያስደስቱኝ ቢሆኑም፣ በሩን ሌላ ሰው ሳይይዝላቸው፣ የሾኩን ጫፍ ከተሰካበት የብረት ኳስ ጋር የሚይዘውን ክሊፕ ለመንቀል ይቸኩላሉ። በሩ በመጀመሪያ በሰው ወይም በማይንሸራተት ጠንካራ ድጋፍ ይያዝ፤ ከዚያ ክሊፑ በትንሽ ካቻቢቴ ጥቂት ብቻ ከፍ ተደርጎ ሾኩ ከኳሱ ላይ ይሳብ። ክሊፑን ሙሉ በሙሉ መፈንቀል አያስፈልግም፤ ተጣሞ ከላላ ሾኩ በመንገድ ላይ ይወልቃል። አንዱ ወገን ተገጥሞ ሳያልቅ ሌላው አይነካ።

ሾኩን ገልብጦ መግጠም ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነውና። በሩ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች መዞር አለበት። በሲሊንደሩ ውስጥ ከናይትሮጅን ጋዙ ጋር ጥቂት ዘይት አለ፤ ዘንጉ ወደ ታች ሲሆን ዘይቱ ኦይል ሲሉ (ጋዙ በዘንጉ ዙሪያ እንዳያመልጥ የሚዘጋው ጎማ) ላይ አርፎ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ተገልብጦ ሲቀመጥ ሲሉ ይደርቅና ጋዙን ቀስ በቀስ ያስወጣል።

ዘንጉን በፒንሳ መያዝ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ አንዲት ጭረት ሲሉን ትቆርጠዋለች። ግሪስ መቀባትም አይጠቅምም፤ በበጋ የመንገዱ አቧራ በግሪሱ ላይ ተለጥፎ ዘንጉ በገባና በወጣ ቁጥር ሲሉን ይፈጨዋል። በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱ ሞተር ያለው ሾክ ስላለው፣ በዚያ ቦታ ተራውን ተክቶ መግጠም አይቻልም።

በመጨረሻም፣ የደከመ ሾክን በስቶ ጋዝ ለማስሞላት ወይም በብየዳ ለመጠገን የሚሞክሩ አሉ። 8 ሚሊ ሜትር ዘንግ ያለው 500 ኒውተን ሾክ በውስጡ 100 ባር ያህል ግፊት ይዟል፤ ይህም ከቤት መኪና ጎማ አየር ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ከጉልበቱ አምስተኛውን ያጣና በሩን መያዝ ያቃተው ሾክ እንኳ 80 ባር ያህል ይቀረዋልና ባዶ ነው ተብሎ አይቆረጥም፣ አይሞቅም፣ እሳት ውስጥም አይጣልም፤ ለቆራሌው ሲሰጥም ይኸው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።