ትልቅ ኦል ተሬን ጎማ ከገባ በኋላ የሚመጡ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ኦል ተሬን ለአስፋልትም ለኮረኮንችም እንዲሆን የተሠራ ጎማ ነው። መነሻችን 265/65 አር 17 ጎማ ይዘው የሚመጡት ሃይሉክስና ፕራዶ ናቸው፤ ስሌቱ ግን ለማንኛውም ፎር ዊል ድራይቭ ይሠራል። ችግር ፍለጋ ከመግባትዎ በፊት አዲሱ ጎማ ከቀድሞው በስንት እንደሚበልጥ ያስሉ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ 172 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 17 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ሲሆን 432 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎኑን ሁለት ጊዜ ወስደው ቸርኬው ላይ ሲደምሩ የጎማው ሙሉ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በዚሁ ስሌት 265/70 አር 17 ወደ 803፣ 285/70 አር 17 ወደ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የመጀመሪያው 3.4 በመቶ፣ ሁለተኛው 7 በመቶ ጭማሪ ነው። መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን በጭማሪው ግማሽ ብቻ ነው፤ 13 ወይም 27 ሚሊ ሜትር።

ከታች ያሉት ችግሮች በ3.4 በመቶው ቀላል፣ በ7 በመቶው ከባድ ናቸው። ለከተማና ለክፍለ ሀገር ሥራ ለሚውል መኪና የመጀመሪያው ይበቃል። ገንዘቡ ለቁመት ከሚወጣ ለጎማው ጥንካሬ ቢወጣ ይሻላል።

መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ይፈገፍጋል

መጀመሪያ የት እንደሚነካ ይፈልጉ። ጎማው ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት፣ ፕላስቲኩ ወይም ብረቱ ላይ ደግሞ የተላጠ ቦታ ያገኛሉ። የነካበት ቦታ ምክንያቱን ይነግርዎታል።

ሜዳ ላይ፣ መሪው እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ፣ በተለይ ወደ ኋላ ሲሄዱ ከፊት ጎማ ጀርባ ያለውን ፕላስቲክ ወይም የጭቃ መከላከያውን የሚነካ ከሆነ ምክንያቱ ወይ ቁመቱ ነው ወይ ቸርኬው። ብዙ ሰው ከጎማው ጋር ሰፊ ቸርኬ አብሮ ይገዛና ጥፋቱን ሁሉ ጎማው ላይ ይጥላል። ቸርኬው ላይ «ኢቲ» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ይዩ፤ ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሐል በስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ይናገራል። ከኢቲ 30 ወደ ኢቲ 0 ከሄዱ ጎማው 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ሲጠመዘዝም የሚያካልለው ቦታ በዚያው ልክ ይሰፋል። የፋብሪካውን ቸርኬ መመለስ ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልፈታው ፕላስቲኩን በሙቅ አየር አለስልሰው ወደ ኋላ ይግፉት፤ የጭቃ መከላከያውንም ጠርዙን ይከርክሙት። አላይመንት ሲሠራ ባለሙያው ካስተሩን፣ ማለትም ጎማው የሚጠመዘዝበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለውን ዝማሜ፣ ቢጨምር ጎማው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይመጣል።

ወደ ውስጥ፣ የላይኛውን ክንድ ወይም ሻንሲውን የሚነካ ከሆነ ጎማው ሰፍቷል። በጎማውና በክንዱ መካከል ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። እንደ ላንድክሩዘር 70 ባሉ ወጥ የፊት አክስል ባላቸው መኪኖች የመሪውን መጠምዘዝ የሚገድበውን ቡሎን ትንሽ ማውጣት ይቻላል፤ መኪናው ለመዞር የሚፈልገው ቦታ ግን ይሰፋል።

ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚነካ ከሆነ ነገሩ የሞላው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መኪናውን በ50 ሚሊ ሜትር ማስነሳት ብቻውን አያድንም። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ጎማው የሚደርሰው ያው የድሮው ቦታ ላይ ነው። ሞላው ሲታመቅ መጨረሻ ላይ የሚይዘው ከላስቲክ የተሠራ ማቆሚያ አብሮ መርዘም አለበት። ለማረጋገጥ ዕቃ ጭነው አንዱን የፊት ጎማ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያውጡ፤ ሌላ ሰው እያየ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጫፍ ይጠምዝዙ።

ከ80 በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል

ባላንስ ከማሠራትዎ በፊት እጅዎን ቸርኬው ውስጥ ያስገቡ። ዋልካ መንገድ ላይ ውሎ የገባ መኪና የቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ላይ የደረቀ ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ የአንድ ጡብ ስባሪ የሚያክል የዋልካ ቁራጭ በአንድ ወገን ተለጥፎ መሪውን ለማንቀጥቀጥ ይበቃል። በእንጨት ፈልፍለው ያጥቡት።

ካልተሻለ የፊቱንና የኋላውን ጎማ ያቀያይሩ። መንቀጥቀጡ ከመሪ ወደ መቀመጫ ከሄደ ጥፋቱ ጎማው ወይም ባላንሱ ነው። እዚያው መሪው ላይ ከቀረ ጎማውን ይተዉትና ክሪክ ላይ አንስተው የፊቱን ኩሽኔታና የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ ይፈትሹ። ከባድ ጎማ አዲስ ችግር አያመጣም፤ የተደበቀ ልልነትን ያወጣል እንጂ። ባላንስ ሲሠራ ለአንድ ጎማ የሚፈለገው እርሳስ በጣም ከበዛ ጎማውን ቸርኬው ላይ በግማሽ ዙር አዙረው እንደገና ያስለኩ። የጎማ ቡሎኖችን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ደግመው ያጥብቁ።

ስንገዛም «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች እንይ፤ 2324 ማለት በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሶማሌ ተራ የተገዛም ሆነ ከውጭ የመጣ፣ ዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማው ይደርቃል።

ዳገት ላይ አቅም አጣ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይሸታል

ሁለቱም ከአንድ ምክንያት ይመጣሉ። በ7 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ማርሹን ሁሉ በ7 በመቶ ያቀለዋል፤ የጥርሱ ምጣኔ 4.1 የነበረ ዲፈረንሻል 3.83 እንደሆነ ያህል ነው። አንድ ኦል ተሬን ጎማ ከፋብሪካው ጎማ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ሊከብድም ይችላል። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የላንድክሩዘር 70 ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር አዲስ አበባ ላይ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ቀድሞውኑ አጥቷል። ለባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ የጎማ ምክር ለደጋ መኪና የማይሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ወደ 3.4 በመቶው መመለስ ወይም የዲፈረንሻሉን ጥርስ በሚከብድ መለወጥ ነው፤ ሁለተኛው ውድ ነው፣ የፊቱም የኋላውም አብሮ መለወጥ አለበት። እስከዚያው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ከለመዱት በአንድ ማርሽ የከበደ ይያዙ። ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል ስለቀነሰ ትርፉ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል።

ጎማው መሐሉ ወይም ጠርዙ ቶሎ አለቀ

ይህ የንፋስ ችግር ነው፤ የሚመነጨውም ከተራ ጎማ ወደ «ኤልቲ» ጎማ በመሸጋገር ነው። ኤልቲ የጭነት መኪና ጎማ አሠራር ያለው፣ ጎኑ ወፍራም ነው። የፋብሪካው 265/65 አር 17 የጭነት ቁጥሩ 112 ነው፤ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። የኤልቲ 265/70 አር 17 ቁጥር 121 ሲሆን 1,450 ኪሎ ይሸከማል፤ ይህን የሚሸከመው ግን በ80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። በእኩል ንፋስ ኤልቲው የሚሸከመው ከተራው ያነሰ ነው። ፋብሪካው በር ላይ የለጠፈውን የንፋስ ቁጥር ብቻ ከሞሉለት ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል፣ ሁለቱ ጠርዞች ይበላሉ። «ጠንካራ ስለሆነ» ተብሎ 50 ሲሞላ ደግሞ ባዶ መኪና ይነጥራል፣ መሐሉ ይበላል።

ለባዶ መኪና በር ላይ ካለው ከ6 እስከ 8 ፒኤስአይ ጨምረው ይጀምሩ። ከዚያ ጥርሱ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በጠመኔ ያስምሩና አስፋልት ላይ 100 ሜትር ቀጥ ብለው ይንዱ። ጠመኔው እኩል ከጠፋ ልክ ነው፤ መሐሉ ብቻ ከጠፋ ንፋስ በዝቷል፣ ጠርዞቹ ብቻ ከጠፉ አንሷል። ለረጅም ጉዞ ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለኩ፣ አንድ ሰዓት ነድተው እንደገና ይለኩ። ኤልቲ 6 ገደማ ከጨመረ ደህና ነው። 10 ከጨመረ ጠዋት የነበረው ንፋስ አንሶ ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጠዋት ይጨምሩለታል እንጂ የሞቀውን ጎማ አያስተነፍሱም።

ጎኑ ተቀደደ

አፋር ውስጥ፣ ኤርታ ሌ አካባቢ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ምላጭ ነው። አሸዋ ላይ ንፋስ ወደ 18–20 አውርዶ ያንኑ ይዞ ድንጋይ ላይ የወጣ ጎማ ጎኑ ተነፍቶ ይወጣና ይቆረጣል። ከአሸዋው እንደወጡ ይሙሉ፤ ኮምፕረሰር ከሌለ ባያስተነፍሱ ይሻላል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይጠገንም። ካላማዳሪ ማስገባት ከተማ ለመድረስ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ጎሚስታው ጎማው ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት ሁሉ ይላጥ፣ አለበለዚያ ካላማዳሪውን እየፈገፈገ ይበሳዋል።

የፍጥነት ጠቋሚውና የነዳጁ ሂሳብ ተዛባ

በ3.4 በመቶው 100 ሲያሳይ 103፣ በ7 በመቶው 107 እየሄዱ ነው። በስልክ ጂፒኤስ ያመሳክሩት። ነዳጁ የጨመረ የሚመስለውም በከፊል ለዚህ ነው፦ ቆጣሪው 500 ሲል በእርግጥ የሄዱት 517 ኪሎ ሜትር ነው፤ 60 ሊትር ከፈጀ በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሳይሆን 11.6 ሊትር ነው።

ስኮርታው አነሰ

አራት ጎማ ገዝቶ ስኮርታውን በአሮጌው ልክ መተው ፕራዶ ላይ አደገኛ ነው። ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ መሐለኛው ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይሠራል። ሃይሉክስ ላይ ትንሹን ስኮርታ ፊት ያድርጉትና ፎር ዊል ሳያስገቡ ወደ ቅርቡ ጎሚስታ ይድረሱ። የተነፈሰው የኋላው ከሆነ መጀመሪያ ከፊት አንዱን ሙሉ ጎማ ወደ ኋላ ያዛውሩ። ከመግዛትዎ በፊት አዲሱ ጎማ ከሃይሉክሱ ሆድ ሥር ባለው ማንጠልጠያ መግባቱን ይለኩ፤ ከዚያ አምስት ይግዙ።

ዋልካ ላይ ያው ይንሸራተታል

ኦል ተሬን የጭቃ ጎማ አይደለም፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ዋልካ በአንድ ዙር ይሞላውና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ሰፊ ጎማ ደግሞ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከታች ጠንካራ መሬት ካለ ጠባቡ 7.50 አር 16 ቆርጦ ሲደርስበት ሰፊው አይደርስም። ክረምቱን በጎጃም ወይም በሸዋ የገጠር መንገድ የሚያሳልፍ መኪና የሚያስፈልገው ጠባብ የጭቃ ጎማ ወይም ለኋላው ሁለት ሰንሰለት ነው።