የክፍል አለቃን በድምፅ ማስመረጥ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስምንተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። አለቃውን እኔው ብሾመው ይቀለኛል። ግን ልጆቹ ምርጫን የት ይልመዱት?

መጀመሪያ የአለቃውን ሥልጣን ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦ ረባሽ ይመዘግባል፣ አይማታም። ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ ይናገሩ።

እጅ አታስነሱ! ጉልበተኛው ዞር ብሎ ሲያይ ስንቱ ሳይወድ እጁን ያነሳል መሰላችሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38ም ድምፅ በሚስጥር ይሰጥ ይላል። ከሱቅ ባዶ የብስኩት ካርቶን ለምኑና ክዳኑን በምላጭ ሰንጥቁት። እኩል የተቀደደ የደብተር ወረቀት አድሉ።

ቆጠራው ጮክ ተብሎ፣ ሁሉም እያየ፣ በጠመኔ ጭረት ይሁን። የተሸነፈው «ያቺ ወረቀት ትታይልኝ» ካለ አሳዩት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

በወሩ አለቃውን ክፍሉ ይጠይቀው። ጓደኞቹን ሳይመዘግብ ቀርቶ ከሆነ ጥያቄው ይጦፋል፤ ተዉት ይጡፍ።