ሳልሞን መንጠቆ አልነካ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ሳልሞን ለማጥመድ ወጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን የሚጥለው በማማለያው፣ ማለትም ዓሣውን ለመሳብ ከመንጠቆው ጋር በሚታሰረው ነገር፣ ቀለም ላይ ነው። ሱቅ ሄዶ ሌላ ቀለም ይገዛል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደገና ባዶ እጁን ይመለሳል። በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ዙሪያ ባለው የፑጀት ሳውንድ ባሕርና ወደ እሱ በሚፈሱት ወንዞች ዳር ቆሜ የተረዳሁት ግን ቀለም መጠርጠር ያለበት በመጨረሻ መሆኑን ነው። አስቀድሞ መጣራት ያለበት መንጠቆው ዓሣው ወዳለበት ጥልቀት መድረሱ፣ ቀጥሎም ማማለያው እንደሚገባው መንቀሳቀሱ ነው። ከጣና ወይም ከዝዋይ ቆሮሶና አምባዛ ጋር ልምድ ያለው ሰው በዚህ ረገድ አዲስ ትምህርት ያስፈልገዋል፤ ሳልሞን አንድ ሐይቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሳይሆን መንገደኛ ዓሣ ነውና።

ዓሣው ሲዘል ይታያል፣ መንጠቆውን ግን አይነካም

ይህ ምልክት በወንዝ ላይ ከታየ መንስኤው የዓሣው ተፈጥሮ ነው። ሳልሞን እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደ ጨው አልባው የወንዝ ውሃ ሲገባ መመገብ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው በአካሉ ባከማቸው ስብ ነው። ስለዚህ በወንዝ ውስጥ አፉን የሚከፍተው ስለራበው ሳይሆን በቁጣ ወይም ከቀድሞ ሕይወቱ በቀረ ልማድ ነው። ባሕር ላይ ማማለያው ምግብ መምሰል አለበት፤ ወንዝ ውስጥ ግን ዓሣውን መቀስቀስ ወይም ማስቆጣት አለበት።

መፍትሔውም ከዚህ ይከተላል። በባሕር ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ወይም እሱን የሚመስል ስፑን (የማንኪያ ቅርጽ ያለው የብረት ማማለያ) መጠቀም ይገባል። በወንዝ ቺኑክና ኮሆ ለሚባሉት የሳልሞን ዝርያዎች በጨውና ቦራክስ በሚባል ነጭ የማዕድን ዱቄት የታሸ የሳልሞን እንቁላል፣ ለኮሆ ደግሞ በተጨማሪ ቁጥር 4 ወይም 5 የሆነ የሚሽከረከር ስፒነር ጥሩ ምርጫ ነው። ቸም የሚባለው ዝርያ አረንጓዴ ነገር ይወዳል። ቦታውንም መቀየር ያስፈልጋል፦ በፈጣኑና ጥልቀት በሌለው ውሃ ሽቅብ የሚገሰግስ ዓሣ መንጠቆ ለመንካት ጊዜ የለውም፤ ረጋ ባለ ጥልቅ ውሃ ያረፈው ግን ሊነካ ይችላል።

ሶክአይ የሚባለው የሳልሞን ዝርያ ለዚህ ሁሉ ልዩ ምሳሌ ነው። በሲያትል የሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ለሶክአይ ጠመዳ ለመጨረሻ ጊዜ በተከፈተበት በ2006 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አጥማጆች ይጠቀሙ የነበረው ምንም ምግብ ያልተደረገባቸው ባዶ ቀይ መንጠቆዎችን ነበር። መንጠቆዎቹን ከሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ኋላ አስረው በጀልባ እጅግ በዝግታ ይጎትቱ ነበር። መንጠቆው ላይ ምን እንደተሰካ ብቻ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

አጠገቤ ያለው ሰው ይይዛል፣ እኔ ግን አልይዝም

ፒንክ የሚባለው ሳልሞን ወደ ፑጀት ሳውንድ በብዛት የሚመለሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት፣ ለምሳሌ በ2021፣ በ2023 እና በ2025 ነው። በእነዚያ ዓመታት በነሐሴ ወር በምዕራብ ሲያትል የሊንከን ፓርክ ዳርቻ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆማል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ቆሜ፣ ቀለሙም ክብደቱም ከእሳቸው ጋር አንድ የሆነ ሮዝ ማማለያ እየወረወርኩ፣ እሳቸው አራት ዓሣ ሲያወጡ አንድ እንኳ አልነካኝም። በመጨረሻ እጃቸውን ሳይሆን ከንፈራቸውን አየሁ፤ ከወረወሩ በኋላ እየቆጠሩ ነበር። እስከ ስምንት ከቆጠሩ በኋላ ብቻ ክሩን በዝግታ መሰብሰብ ይጀምራሉ። እኔ ማማለያው ውሃውን እንደነካ ስለምጎትት ከዓሣው በላይ እያሳለፍኩት ነበር።

መፍትሔው መቁጠር ነው። አምስት ቆጥሮ መሞከር፣ ካልነካ ስምንት፣ ካልነካ አሥራ ሁለት፤ ዓሣ የነካበትን ቁጥር ይዞ በዚያው መጽናት ያስፈልጋል። ፒንክ አፉ ትንሽ ስለሆነ ማማለያውም መንጠቆውም አነስ ያለ ይሁን። ባዝ ቦምብ የሚባለውን ማማለያ ለሚጠቀም ደግሞ፣ ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚነካው ማማለያው ወደ ላይ ተስቦ ሲወድቅ በመሆኑ በዚያች ቅጽበት ክሩ ከሚገባው በላይ እንዳይላላ መጠንቀቅ ይገባል።

ተንሳፋፊው ይሄዳል፣ ግን አይሰምጥም

በወንዝ ላይ እንቁላል በተንሳፋፊ ሥር አስረው የሚያጠምዱ ሰዎች ተንሳፋፊው ራሱ የሚናገረውን ቢያዩ ብዙ ድካም ይቀንሱ ነበር። ጫፉ ወደ ወንዙ መውረጃ ካዘነበለ እርሳሱ፣ ማለትም ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠው የብረት ክብደት፣ ታች ድንጋይ ላይ እየተጎተተ ነው፤ ጥልቀቱ መቀነስ አለበት። ጫፉ ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ ካዘነበለ ደግሞ አጥማጁ ራሱ በክሩ ወደ ኋላ እየያዘው ነው፤ ክር መልቀቅ ያስፈልጋል። ጎኑን ተኝቶ የሚሄድ ከሆነ እርሳሱ ለተንሳፋፊው ቀላል ሆኗል፣ ወይም እርሳሱ መሬት ላይ ተቀምጧል። ግማሽ አውንስ ተብሎ የተጻፈበት ተንሳፋፊ ወደ ግማሽ አውንስ የሚጠጋ እርሳስ ሲታሰርበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዓሣው ሲስበውም ተቃውሞ ሳይሰማው ይሰምጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በዋናው ክር ላይ የማቆሚያ ቋጠሮ፣ ቀጥሎ ዶቃ፣ ቀጥሎ ተንሸራታች ተንሳፋፊ፣ ከዚያ እርሳስና የክር መጠማዘዝን የሚከላከል ስዊቭል፣ ከስዊቭሉ በታች ከ18 እስከ 24 ኢንች የሚረዝም ቀጭን ክርና መንጠቆ። ቋጠሮውን ወደ ላይና ወደ ታች በማንሸራተት መንጠቆው ከወንዙ ወለል አንድ ጫማ ያህል ከፍ ብሎ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ሳልሞን ከሥሩ ያለፈውን ነገር ለማንሳት ብዙ ጊዜ አይጎነበስም፤ ስለዚህ ከዝቅታ ይልቅ ትንሽ ከፍታ ይሻላል።

ያለ ተንሳፋፊ፣ እርሳሱን ወለሉ ላይ እያስኬደ ለሚያጠምድ መለኪያው እጅ ነው። እርሳሱ በየጥቂት ሰከንዱ ድንጋይ ነካ እያደረገ ቢሄድ ትክክል ነው፤ አንድ ቦታ ከቆመ ከብዷል፣ ጨርሶ ካልነካ ቀልሏል።

ሄሪንጉ አይሽከረከርም፣ ወይም እንደ ጨርቅ ይጎተታል

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በባሕር ላይ ከሚጠፋው ዕድል ብዙው እዚህ ይጠፋልና። ሄሪንግ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሲታሰር፣ የተጎዳ ዓሣ እንደሚያደርገው እየተሽከረከረ መሄድ አለበት። ሽክርክሪቱን የሚፈጥረው የቁርጡ ሰያፍነት ነው። ቢላዋው ከጉንጩ ክዳን ኋላ ሆኖ ከጀርባ ወደ ሆድ በሰያፍ ሲወርድ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎንም ትንሽ ማዘንበል አለበት። ቁርጡ ቀጥ ያለ ከሆነ ሄሪንጉ አይዞርም። ቢላዋው ከደነዘም ሥጋው ይቀደዳል፣ ቅርፊቱም ይራገፋል፤ ከቅርፊቱ ጋር ብልጭታው አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው መንስኤ መላላት ነው። ከበረዶ የወጣ ሄሪንግ በሙቀት ከቆየ መንጠቆው ሥጋውን ሰንጥቆ ይወጣል። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ አዮዲን የሌለው ሻካራ ጨው በብዛት በተበጠበጠበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ሥጋውን ያጠነክረዋል። ቀልጦ የነበረውን መልሶ ማቀዝቀዝ ግን ትርፍ የለውም።

ሦስተኛው ፍጥነት ነው። አንዱ ሄሪንግ በአንድ ፍጥነት ዞሮ በሌላው ላይዞር ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ጥልቁ ከመላኩ በፊት ሁልጊዜ በጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ጎትቶ ማየት ይገባል። ኮሆ ፈጣንና ጠባብ ሽክርክሪትን፣ ቺኑክ ደግሞ ዝግ ያለና ሰፊ ሽክርክሪትን እንደሚመርጥ ብዙ አጥማጆች ይስማማሉ፤ የእኔም ልምድ ይህንኑ ይመስላል። ጥልቀቱም ይለያያል፤ ኮሆ በተለይ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ገጽ ሲቀርብ፣ ቺኑክ ብዙ ጊዜ ወደ ወለሉ ይጠጋል። ከጀልባው የወረደው ክር ከገጹ ጋር 45 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉ ተስማሚ ነው። ከዚያ በላይ ከተኛ እርሳሱን ማክበድ እንጂ ክር ብቻ መጨመር አይጠቅምም።

እንቁላሉ ቶሎ ይፈዛል፣ ከመንጠቆውም ይረግፋል

መንስኤው በደንብ አለመታሸቱ ወይም አለመድረቁ ነው፤ አለበለዚያም መንጠቆው የታሰረበት ቋጠሮ እንቁላሉን የሚይዝ ቀለበት የለውም። በመንጠቆው አንገት ላይ ቀለበት የሚተው ልዩ የእንቁላል ቋጠሮ ስላለ እሱን መማር ዋጋ አለው። ጥርት ባለ ውሃ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ይበቃል፤ ውሃው ሲደፈርስ ከፍ ማድረግና ደማቅ ቀለም መምረጥ ይቻላል። ነዳጅ፣ ሲጋራ ወይም የፀሐይ መከላከያ ቅባት የነካ እጅ እንቁላል አይንካ። የሰው ቆዳ ራሱ ሴሪን የሚባል፣ ሳልሞንን የሚያሸሽ አሚኖ አሲድ ያወጣል፤ ጓንት ማድረግ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ክሩ ይጠማዘዛል

ስዊቭሉ ዝጓል ወይም ርካሽ ነው። ውስጡ ትናንሽ ኳሶች ባሉት ይቀየር።

ዓሣው ይያዛል፣ ግን ያመልጣል

በፑጀት ሳውንድ ባሕር ሳልሞን የሚጠመደው ወደ ኋላ የተቀሰረች ጥርስ በሌለው መንጠቆ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክሩ ለአፍታ ከላላ ዓሣው ነፃ ይወጣል። ዘንጉን ጎንበስ እንዳለ መያዝና ዓሣው ወደ አጥማጁ ሲሮጥ ፈጥኖ መሰብሰብ ያስፈልጋል። መንጠቆውን በጥፍር ላይ መሞከርም ይገባል፤ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ከያዘ ስለታም ነው። ሲጎተት የሚበጠስ ክር ያለው ሰው ደግሞ የመጨረሻውን ክር ለኮሆ ከ10 እስከ 15፣ ለቺኑክ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ ያድርገው፤ ቋጠሮውንም ከማጥበቁ በፊት በምራቅ ያርጥበው።

ዓሣው በጎኑ ወይም በጅራቱ ተወግቶ ይወጣል

ይህ እንደ ዕድል መታየት የለበትም። በወንዝ ላይ የመጨረሻው ክር ሲረዝም በዓሣው ጎን እየተንሸራተተ መንጠቆውን ወደ ሰውነቱ ይስበዋል። ክሩ ይጠር፣ እያንዳንዱ የክር ጉዞ ሲያበቃ ዘንጉን በኃይል መንጨትም ይቅር፤ በዚህ መንገድ የወጣ ዓሣም መለቀቅ አለበት።

ዓሣው ተይዟል፣ ግን ይቀመጥ ወይስ ይለቀቅ አይታወቅም

ከውሃ ከመውጣቱ በፊት መለየት አለበት። ቺኑክ ድዱ ጥቁር ነው፣ ነጠብጣቦቹም በጅራቱ የላይኛውም የታችኛውም ክፍል ላይ አሉ፤ ኮሆ ድዱ ነጣ ያለ ሆኖ ነጠብጣቦቹ ያሉት በላይኛው የጅራቱ ክፍል ነው፤ የፒንክ ነጠብጣቦች ትልልቅና ሞላላ ናቸው። በጀርባው ላይ ከጅራቱ አቅራቢያ ያለችው ትንሽ ክንፍ ተቆርጣ ጠባሳው ብቻ ከቀረ ዓሣው በማራቢያ ጣቢያ ያደገ ነው፤ ክንፏ ካለች ግን በብዙ ቦታ ዓሣው መለቀቅ ይኖርበታል። ደንቡ በወቅቱ መካከልም ስለሚቀየር፣ አንዳንድ ወንዞችም ጭራሽ የተፈጥሮ ምግብ በመንጠቆ ላይ መጠቀምን ስለሚከለክሉ፣ የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ያወጣውን ማስታወቂያ በዚያው ዕለት ጠዋት ማየት ይገባል። በዱዋሚሽ ወንዝ የሚያጠምድ ቤተሰብ ደግሞ ይህን ይያዝ፦ በዚያ ወንዝ ወለል ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ዓሦችና ሸርጣኖች በብክለቱ ምክንያት ለምግብ አይመከሩም፤ ሳልሞን ግን በዚያ የሚያልፈው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ሊበላ ይችላል።